ሰባት ቤት አገው፦ ስንት ወንድማማች?

ባሕር ዳር ላይ «ሰባት ቤት» ሲባል ብዙው ሰው አፉ «ጉራጌ» ብሎ ይጨርሰዋል። ጉራጌም ሰባት ቤት አለው፤ እውነት ነው። ግን የራሳችን ጎረቤት እያለ! ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፣ ከዚያም ወዲያ ወደ ቻግኒ ያለው አገር የሰባት ቤት አገው ነው። ቋንቋው አውኚ ይባላል፤ ከኩሽ ወገን ሲሆን በግዕዝ ፊደል ይጻፋል።

ቤቶቹ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። ከላስታ የመጡ ሰባት ወንድማማቾች ናቸው፣ እያንዳንዱም የሰፈረበት ምድር በስሙ ተጠራ ይባላል። ዳንግላ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ በጣታቸው ሲቆጥሩልኝ በባንጃ ጀመሩ። «ታላቁ ባንጃ ነው እንዴ፣ አባቴ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ባንጃን ስትጠይቅ ባንጃ ነው፤ አንከሻን ስትጠይቅ አንከሻ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ሽማግሌው በሳቅ ያለፉትን ነገር ግን እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ይዘው የሚሟገቱ አሉ። ወንድማማቾቹ ከላስታ የወጡት ትናንት ይመስል ትውልድ ቆጥረው ዓመት ሊያወጡ ይሞክራሉ። እነዚህን ሰዎች ቋንቋውን ስሙልኝ እላቸዋለሁ። የአገው ቋንቋዎች አራት ናቸው፦ በኤርትራ ከረን አካባቢ የሚነገረው ብሌን፣ የዋጉ ኽምጣኛ፣ የጎንደሩ ቅማንትኛና የእኛው ጎረቤት አውኚ። እንደ ሮበርት ሄትዝሮን ያሉ የቋንቋ ሊቃውንት ሲያነጻጽሯቸው ሦስቱ ባንድ ወገን፣ አውኚ ደግሞ ለብቻው ሆኖ አገኙት። ብሌንና ኽምጣኛ ያን ያህል ርቀት ለያይቷቸውም ከአውኚ ይልቅ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ላስታና ዋግ ጎን ለጎን ናቸው፤ ወንድማማቾቹ በቅርብ ዘመን ከዚያ ወጥተው ቢሆን ኖሮ አውኚ ከሁሉም ይልቅ ለኽምጣኛ በቀረበ ነበር። አልሆነም። ስለዚህ ወይ መለያየቱ እጅግ ጥንታዊ ነው፣ ወይ ወንድማማቾቹ ሲደርሱ አውኚ ተናጋሪ ሕዝብ እዚሁ ነበር። እኔ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ተረኩ የመንገድ ታሪክ ከሚሆን የሰባት አገሮች የወንድማማችነት ውል ቢሆን ያስኬዳል። ከጣና በስተምዕራብ ያሉት ኩንፋሎችም አውኚን በራሳቸው ዘዬ ይናገራሉ፤ ከሰባቱ ስሞች ውስጥ ግን ኩንፋል የሚል የለም። የቋንቋው ድንበርና የሰባቱ ቤት ድንበር አንድ አይደለም ማለት ነው። 

አንድ ወቀሳ ልጨምር። የአማራ ክልሉን አዊ ዞንና ሰባት ቤትን አንድ አድርገው የሚጽፉ መተከልን ያጎድላሉ። መተከል ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዞን ስም ነው፤ ጉሙዞችም የኖሩበት ምድር ነው። የክልል ካርታ ግን ከቤቶቹ ቁጥር አይቀንስም፤ ስድስት ቆጥራችሁ ሰባት አትበሉ።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ የዓድዋን ፈረሰኞች ያስባል። እንጅባራ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ግድም ናት። ከሄዳችሁ ፈረሱን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጋላቢውን ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁት።