ከአማካዩ በስተጀርባ ያለችው ህዋስ

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የደም ናሙና ሲመጣልን ማሽኑ ነጭ የደም ህዋሳትን በአምስት ዓይነት ከፍሎ ይቆጥርልናል፤ አንዷ ህዋስ የትኛውን ጂን እያሠራች እንደሆነ ግን አይናገርም። ጂን የሚለኩት ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ለረጅም ጊዜ እልፍ ህዋስ አንድ ላይ አፍርሰው አማካዩን ነበር የሚያነቡት። ከተፈጨ በርበሬ ውስጥ ኮረሪማውን ለቅመህ አውጣ እንደማለት ነው።

ይህን ለመለወጥ ከደከሙት አንዷ እስራኤል የተወለዱት አቪቭ ሬጌቭ ናቸው። ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ወደሚገኘው ብሮድ ኢንስቲትዩት ገቡ። በ2013 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት የመረመረው 18 የአይጥ ህዋሳትን ብቻ ነበር። አንድ ዓይነት የተባሉት እነዚያ ህዋሳት ለአንድ ዓይነት ቅስቀሳ የሰጡት መልስ ግን የተለያየ ሆኖ ተገኘ።

18 ህዋስ ግን የትም አያደርስም። በ2015 ከሃርቫርዱ ስቲቨን ማካሮል ቡድን ጋር ድሮፕ ሴክ የተባለውን ዘዴ ይፋ አደረጉ። በቀጭን ቦይ ህዋሳትና ጥቃቅን ዶቃዎች በውሃ ይፈስሳሉ፤ ከጎን የሚገባው ዘይት ውሃውን ወደ ጠብታ ይቆራርጠዋል። ህዋስና ዶቃ በተገናኙበት ጠብታ ውስጥ ህዋሷ ትፈርሳለች፤ የትኛውን ጂን እያሠራች እንደነበር የሚያሳየው አር ኤን ኤዋም የራሱ የዲኤንኤ ባርኮድ ካለው ዶቃ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቢደባለቅ ግድ የለም፤ ኮምፒውተሩ በባርኮዱ እየለየ የየህዋሷን ይመልሳል። አብዛኞቹ ጠብታዎች ባዷቸውን ናቸው። ብክነት ይመስላል እንጂ ሆን ተብሎ ነው፤ ህዋሳቱ ካልሳሱ ሁለት ህዋሳት አንድ ጠብታ ውስጥ ይገቡና ውጤቱ ይበላሻል። በዚህ ዘዴ ከአይጥ ሬቲና 44,808 ህዋሳት ተነበው በ39 ቡድን ተለዩ።

በ2016 ከሣራ ታይክማን ጋር የሰውን ህዋሳት ሁሉ የሚመዘግበውን የሂውማን ሴል አትላስ ፕሮጀክት ጀመሩ፤ በ2020 ደግሞ ወደ መድኃኒት አምራቹ ጄነንቴክ ተሻገሩ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የ2018ቱ ግኝት ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለውን የሳንባ በሽታ የሚያመጣው ጂን ከ1989 ጀምሮ ይታወቃል። የሬጌቭና የባልደረቦቻቸው ቡድን የአየር ቧንቧ ህዋሳትን አንድ በአንድ ሲያነብ፣ ይህን ጂን በብዛት የምታሠራው ከመቶ አንድ እንኳ የማትሞላ፣ ቀድሞ ያልተለየች ህዋስ ሆና ተገኘች። ሌላ ቡድንም በተመሳሳይ ጊዜ ለብቻው ደረሰባት። ጤነኛውን ጂን ወደ ሳንባ ለማስገባት የሚሞክሩ ሐኪሞች አሁን መድኃኒቱ ለየትኛዋ ህዋስ መድረስ እንዳለበትም መጠየቅ ግድ ሆኖባቸዋል።