ሶሌታ ውሃ ይጠጣል

የዛሬው ንግግራችን ቤት ለምትሠሩ፣ ይልቁንም በአዲስ አበባ ዙሪያ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ላላችሁ ነው።

«አርማታ ሲደርቅ ይጠነክራል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የሚደርቀው ጭቃ ነው። አርማታ የሚጠነክረው ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ወደ ድንጋይነት ሲለወጥ ነው። ውሃው ቶሎ ካለቀበት ሥራው እዚያው ላይ ይቆማል። ጨርሶ ውሃ ያልጠጣ ሶሌታ ከጥንካሬው እስከ ግማሽ ሊያጣ ይችላል። ላይ ላዩን ሲያዩት ግን ምኑም አያስታውቅም፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

በበጋ «አገሩ ብርድ ነው፣ ፀሐዩም አያቃጥልም» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ውሃውን የሚወስደው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ደረቅ ነፋስም ነው። ጠዋት የተሞላ ሶሌታ ከሰዓት በኋላ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጠጣ? ሙሌቱ እንዳለቀ ላስቲክ አልብሱት። በጣት ሲጫኑት አሻራ የማይዝ ሲሆን በቀስታ ውሃ አርከፍክፉበት፤ በኃይል ከተደፋበት ሲሚንቶው ይታጠባል። ከዚያ የተነከረ ጆንያ አንጥፋችሁ ላስቲኩን መልሱና ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። ጆንያው እንዳይደርቅ በየጊዜው እየገለጣችሁ እዩት።

«ውሃው ከየት ይመጣል?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ቧንቧ በማይመጣበት ሳምንት ውሃ በጀሪካን ይገዛል። 50 ካሬ ሜትር ሶሌታ ላይ ዙሪያውን ገድባችሁ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ብታቁሩበት 1,500 ሊትር፣ ማለትም በባለ 20 ሊትር 75 ጀሪካን ይፈጃል፤ ያንኑም ነፋሱ ይቀንሰዋል። ጆንያና ላስቲክ ግን ከዚህ በጣም ባነሰ ያደርሳል፤ እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው። ጠዋትና ማታ ብቻ ረጭቶ ቀኑን ሙሉ ለነፋስ መተው ማጠጣት አይባልም። ሲቦካ ውሃ አብዝቶ «ጠግቧል» ማለት ደግሞ የባሰ ነው፤ የቀጠነ አርማታ ደካማ ነው።

ስንት ቀን? የሲሚንቶውን ከረጢት አንብቡ። «ኦፒሲ» ከሆነ ቢያንስ 7 ቀን፤ «ፒፒሲ» ከሆነ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ከ10 እስከ 14 ቀን። የሞላችሁበትን ቀን ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉና በየቀኑ አንድ መስመር ጨምሩ። ግንበኛው ሌላ ሥራ ይዞ ይሄዳል፤ ማጠጣቱ የሚቀረው ለቤቱ ሰው ነው።

በሱሉልታ በኩል በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስላለው ማታ ማታ አታጠጡ፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይሁን። ለሌሊቱ በላስቲኩ ላይ ገለባ ጎዝጉዙበት።