ለተጣመመ ጀርባ የተራዊህ ወንበር

የእናትዎ አንድ ትከሻ ዝቅ ብሏል? ቀሚሳቸውስ በአንድ ጎን ይረዝማል? ዳገትና ሸክም የለመደ የኩታበር ሰው «የሸክም ነው» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ግን ስኮሊዮሲስ ሊሆን ይችላል፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች በዕድሜ ብዛት በአንድ ጎን ይበልጥ ሲያልቁ ጀርባ ወደ ጎን ይጣመማል። በራጅ ሲለካ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው ይህ ስም የሚሰጠው።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚብሰው ቆመው ሲቆዩ ነው፤ ተራዊህ የሚከብዳቸው ለዚህ ነው። መቀመጥ ያሳርፋቸዋል። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ እንዲሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዒምራን ኢብን ሑሰይን ነግረዋቸዋል፤ ወንበር ነውር የሚመስላቸው አባቶች ይህን ከልጆቻቸው ቢሰሙ ደግ ነው። ቀኑን ሙሉ መተኛትም ጡንቻን ያሰንፋል፤ ከሱብሂ በኋላ ጥቂት ዞር ዞር ማለት ይሻላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ክኒኑ ነው። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ ለሱሑር በባዶ ሆድ አይዋጡም፤ ሐኪም ካዘዛቸው ከኢፍጣር ምግብ በኋላ፣ ከበቂ ውሃ ጋር ይሁኑ። ሕመሙ ከጠና ለታመመ ሰው ጾሙን የማቆየት ፈቃድ አለ።

እግራቸው በድንገት ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው ዒድን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ደሴ ሆስፒታል ያድርሷቸው።