«አይ» የሚለውን ገጽ ማን ይጽፈዋል?

ለእኛ ሕዝበ ውሳኔ ትልቅ ቀን ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ክልል ስለ መሆን ድምፅ ሲሰጥ ሻፌታና ጎጆ የምርጫ ምልክት ሆነው ቀረቡለት፤ ሕዝቡ ተሰልፎ መረጠ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ሳን ፍራንሲስኮ ለሚኖር ሰው ግን ሕዝበ ውሳኔ እንደ ውሃና መብራት ሒሳብ እየተመላለሰ ቤቱ የሚመጣ ጉዳይ ነው። በኖቬምበር 2024 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከካሊፎርኒያ ግዛት ጥያቄዎች ሌላ የከተማዋ ብቻ 15 ነበሩ፤ ከ«ኤ» እስከ «ኦ» በፊደል ተሰይመው።

ከተማዋ ነዋሪው ራሱ ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ የሚያቀርብበትን መብት በቻርተሯ ያሰፈረችው በ1898 ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት የተከተላት ገዥው ሃይረም ጆንሰን በነበረበት በ1911 ነው። ዛሬ በሩ ሰፊ ነው። ከንቲባው የደንብ ሐሳብ ለሕዝብ ማቅረብ ይችላል፤ ከ11ዱ የከተማ ምክር ቤት አባላት አራቱም ከተስማሙ ይችላሉ፤ ተራ ነዋሪም ከተመዘገቡት መራጮች የሁለት በመቶውን ፊርማ ካሰባሰበ ይችላል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ እንዲህ የሚረዝመው ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ማን አንብቦ ይዘልቀዋል? የምርጫ መሥሪያ ቤቱ ለየመራጩ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ይልካል። አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ የእያንዳንዱን ጥያቄ ፍሬ ነገር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንዲረዳው አድርጎ ያቀልለዋል፦ አሁን ያለው አሠራር ይህ ነው፣ የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፣ «አዎ» ስትል ይህን ማለትህ ነው፣ «አይ» ስትል ደግሞ ይህን። የከተማዋ ዋና ሒሳብ ሹም ወጪውን ይገምታል። ከዚያ ሙግቱ ይከተላል። ለደጋፊ አንድ፣ ለተቃዋሚ አንድ፣ ለእያንዳንዱ 300 ቃል፣ ያለ ምንም ክፍያ። ለመልስ መልስ ደግሞ 250 ቃል። እኩል መብት ያላቸው ሁለት ተቃዋሚዎች ከመጡ ዕጣ ይወጣል። ማንም ካልመጣ ግን የተቃውሞ ጽሑፍ አልቀረበም የምትል አንዲት መስመር ታትማ ገጹ ባዶውን ይሄዳል።

ይህን ባዶ ገጽ ደጋግመው ከሚሞሉት አንዱ የሳን ፍራንሲስኮ ሊበርቴሪያን ፓርቲ ነው። ሊበርቴሪያን ማለት በአጭሩ መንግሥት በሰው ኪስም በሰው መኝታ ቤትም እጁን አያስገባ የሚል ወገን ነው። አገር አቀፉ ፓርቲ በ1971 ኮሎራዶ ውስጥ ተመሠረተ። በዓመቱ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ያቀረባት ቶኒ ናታን በአሜሪካ ታሪክ የኤሌክቶራል ድምፅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ያውም ኒክሰንን እንዲመርጥ ከተላከ የቨርጂኒያ ወኪል መራጭ። በ2016 ለፕሬዚዳንትነት ያቀረበውን ጋሪ ጆንሰንን ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው መረጠው፤ ያም ከመቶ ሦስት ገደማ ነው። በሳን ፍራንሲስኮማ በፓርቲው ስም የተመዘገበው መራጭ ከመቶ አንድ አይሞላም።

እንዲህ ያለ ቡድን ዕጩ አቅርቦ የት ይደርሳል? የትም። የከተማው ምርጫ የፓርቲ ስም አይጠራበትም። በግዛት ደረጃም በ2010 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን (የሕዝበ ውሳኔ ጥያቄ) 14 ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ዕጩዎችን ብቻ ያሳልፋል፤ ትናንሾቹ ፓርቲዎች ኖቬምበር ላይ ስማቸው የለም ማለት ይቻላል። የቀራቸው ሜዳ የጥያቄው ሜዳ ነው። እዚያ ደግሞ 300 ቃሉ ለብዙ ሺህ አባል ላለውም ለእፍኝ ሰዎችም እኩል ነው።

ቦንድ ሲመጣ ሥራቸው ቀላል ነው። ከተማዋ ለሆስፒታል ልበደር ስትል ዕዳው የሚከፈለው ከንብረት ግብር ነው፤ «እኔ ቤት የለኝም፣ ምን ቸገረኝ» የሚል ተከራይ ካለ ደግሞ በከተማዋ ደንብ አከራዩ ከጭማሪው እስከ ግማሹ ድረስ ሊያሸክመው እንደሚችል ይወቅ። ሊበርቴሪያኖቹ የሚወዱት ነጥብ ይህ ነው። ሒሳቡም አንዳንዴ ያግዛቸዋል፦ እንዲህ ያለ ቦንድ ለመጽደቅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለማስቆም ከሲሶው ጥቂት በላይ የሚሆነውን መራጭ «አይ» ማሰኘት ይበቃል። እርግጥ ብዙ ቦንድ ያንንም ተሻግሮ ያልፋል።

ሌሎቹ ጥያቄዎች ወዳጅና ባላንጣን ያደባልቃሉ። በ2005 ሽጉጥ መያዝን የሚከለክለው ፕሮፖዚሽን «ኤች» በመራጩ ጸደቀ፤ በኋላ ፍርድ ቤት የግዛቱን ሕግ ይጋፋል ብሎ ሻረው። በመርሁ ሊበርቴሪያን የሆነ ሰው ያኔ ከጦር መሣሪያ ባለቤቶች ጎን ይቆማል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሴተኛ አዳሪነት በወንጀል እንዳይከሰስ የሚጠይቀው ፕሮፖዚሽን «ኬ» ሲመጣ ያው ሰው ከከተማዋ ግራ ዘመሞች ጋር ይሰለፋል፤ «ኬ» ግን ወደቀ። እኔን የሚስበኝ ግን መርሁ ራሱ የሚደናገርበት ነው። በ2024 በውቅያኖሱ ዳር የሚያልፈውን የግሬት ሃይዌይ መንገድ ከፊሉን ለመኪና ዘግቶ መናፈሻ የማድረግ ጥያቄ ቀረበ፤ ጸደቀም። መንገዱ የመንግሥት ነው፤ መናፈሻውም የመንግሥት ይሆናል። የባለ መኪናው ነፃነት ይቅደም ወይስ የእግረኛው? መንግሥት ይቀነስ የሚለው መርህ እዚህ መልስ የለውም። «አቋም የለንም» ማለትም አንድ አቋም ነው፤ በሐቀኝነት ከተባለ አያሳፍርም።

በዚያው ዓመት በኡበርና በሊፍት ላይ ግብር ጥሎ ገንዘቡን ለከተማ አውቶቡስ የሚያውለው ፕሮፖዚሽን «ኤል» ነበር፤ መሪ ጨብጦ ለሚያድር የሐበሻ ሾፌር የሩቅ ወሬ አልነበረም። አጠገቡ የንግድ ግብርን እንደ አዲስ የሚደለድለው ፕሮፖዚሽን «ኤም» ቆሟል። «ኤም» ለትናንሽ ነጋዴዎች ግብር ይቀንሳል፣ ለአንዳንድ ትላልቆች ይጨምራል፤ ግብር ሁሉ ይቅር ለሚል ሰው ይህ ራሱ ራስ የሚያዞር ነው። «ኤል»ን ከመራጮቹ ከግማሽ በላይ ደገፉት። ነገር ግን «ኤም» ከእርሱ በልጦ ከጸደቀ «ኤል» አይሠራም የሚል አንቀጽ «ኤም» ውስጥ ነበር፤ «ኤም» በለጠ። «ኤል» አሸንፎ ወደቀ።