ስለ ኳስ ዳኛ ሥራና ክብር

በሐረር ጀጎል ውስጥ ሁለት ጐረቤቶች ስለ ግንብ ወሰን ቢጣሉ ነገሩን ለሽማግሌ ይነግራሉ፤ ሽማግሌውም የሁለቱን ቃል ሰምቶ፥ ዘመድና ባዕድ ሳይለይ ይፈርዳል። የቅርጫት ኳስ ዳኛም ሥራው ይኸው ነው። ነገር ግን ሽማግሌው ቀን ቀጥሮ ያስባል፤ ዳኛው ግን ፊሽካውን ነፍቶ ወዲያው መቍረጥ ግድ ይሆንበታል።

ይህን ጨዋታ በ1884 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር ጀመረው። በየወገኑ አምስት አምስት ሰው ይሰለፋል። ዳኛው ኳሱን ሳያነጥር ይዞ የሚሮጠውንና ባልንጀራውን የሚገፋውን ይቈጣጠራል። አምስት ጊዜ የሰው ጥፋት የሠራ ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል፤ የገዛ ተማሪው ቢሆንም ሊያስወጣው ይገባዋል።

ዳኛ መሆን ስለ ምን ይጠቅማል? ፈራጅ የሌለበት ጨዋታ ወደ ጠብ ያመራልና፤ ልጆችም ጕልበት ሕግ ይመስላቸዋል። ክብሩም ሩቅ ያደርሳል፤ ሊዲያ ታፈሰ በእግር ኳስ ዳኝነት በ2007 ዓ.ም. በካናዳ እስከ ተደረገው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ደርሳለች።

ስለዚህ መምህር ፊሽካ ከማንሣቱ አስቀድሞ ሕጉን ጠንቅቆ ይማር። ሽማግሎችም ልጃቸው ከሜዳ ሲወጣ ዳኛውን አይንቀፉ፤ ልጅ ፍርድን መቀበል የሚማረው ከአባቱ ነውና።