የሚበላ ቅጠል

በካይሮ የአትክልት ባለሙያ ፋታ የሚያጣው ከየካቲት እስከ ፋሲካ ነው። ጊዛ የሚገኘው የኦርማን የዕፅዋት ማዕከል የፀደይ አበባ ትርኢቱን የሚከፍተው በዚሁ ወቅት ነው። ከዚያ ሻም ኤልነሲም ይከተላል። በዓሉ የሚውለው በኛ በኢትዮጵያውያንም በኮፕቶችም አቆጣጠር ፋሲካ በዋለ ማግስት፣ ሰኞ ሲሆን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤተሰቡን ይዞ ወደ አረንጓዴ ቦታ ይወጣል። በረንዳ ያለው በረንዳው፣ ጣሪያ ያለው ጣሪያው ለዚያ ቀን እንዲያምርለት ይፈልጋል። "ባሽሙሃንዲስ (ኢንጂነር)፣ ቢራቢሮ የሚመጣበት አድርገህ ሥራልኝ" የሚለኝ ደንበኛም አይጠፋም። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ "ትል ግን እንዳላይ።"

ቢራቢሮ ያለ ትል አትገኝም። ይህን ሁሉም ሰው ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ እንቁላል፣ አባጨጓሬ፣ ሙሽሬ፣ ቢራቢሮ። በረንዳ ላይ ሲሆን ግን ይረሳል። ደንበኛው የሚያስበው ስለ አበባው ነው። አበባ የአዋቂዋ ቢራቢሮ ምግብ ነው፤ መጥታ ማሯን ጠጥታ ትሄዳለች። እንድትቆይና እንድትራባ የሚያደርጋት ግን ልጆቿ የሚበሉት ቅጠል ነው። እያንዳንዷ ዝርያ ደግሞ በቅጠል ጉዳይ መራጭ ናት።

በግብፅ የተመዘገቡት የቢራቢሮ ዝርያዎች ወደ 60 የሚጠጉ ናቸው። ለበረሃ አገር ይህ ትንሽ አይደለም፤ ለበረንዳ የሚሆኑት ግን ጥቂት ናቸው። በኋላ ክንፏ ጫፍ ክር የመሰለ ቀጭን ጭራ ያላት ትንሿ ሰማያዊ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው በሉቢያና በአተር እምቡጥ ላይ ነው፤ ልጆቿም እሸቱ ውስጥ ገብተው ያድጋሉ። አንድ ማሰሮ ሉቢያ በሸምበቆ ደግፎ ማሳደግ ለሷ ይበቃታል። ነጯ የጎመን ቢራቢሮ ጎመንና ገርጂር ትወዳለች። ገርጂር ግብፃዊው በየምግቡ የሚበላው ቅጠል ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ደንበኛና ትል ይሻማሉ።

ሦስተኛዋ ብርቱካናማ ሆና የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነው ዳናውስ ክሪሲፐስ ናት። የግብፅ ነባር መሆኗን የሚመሰክር ሥዕል አለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1350 ዓመት ገደማ በቴብስ የተሠራው፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የነባሙን መቃብር ሥዕል። ሰውየው በሸምበቆው መሐል ወፍ ሲያድን ቢራቢሮዎች በዙሪያው ይበራሉ፤ ዳናውስም አብራ አለች። የልጆቿ ምግብ ነጭ ወተት የሚያፈስ ተክል ነው። ከነዚህ አንዱ እኛ ጦቢያው የምንለው፣ ግብፆች ኡሻር የሚሉት የበረሃ ቁጥቋጦ ነው። ጦቢያው ለማሰሮ ይገዝፋል፤ ወተቱም ዓይን ስለሚጎዳ ልጆች ባሉበት ቤት አላስገባውም። በሱ ፈንታ ቀይና ቢጫ አበባ ያለው፣ ከአሜሪካ የመጣው አስክሌፒያስ ይተከላል፤ እሱም ወተት ስላለው ከልጆች እጅ ራቅ ይደረጋል። ግንዱን ቢጫ ክሽክሽ ሲወርረው ደንበኛ ይደነግጣል። ክሽክሹን በውኃ ግፊት ማጠብ ይበቃል፤ መድኃኒት ከተረጨ አባጨጓሬውም አብሮ ይሞታል። አባጨጓሬው ግን ራሱን ይጠብቃል። ከተክሉ የወሰደውን መርዝ በሰውነቱ ስለሚያኖር ወፍ አይደፍረውም።

አራተኛዋ መንገደኛዋ ቫኔሳ ካርዱይ ናት። በፀደይ ካይሮን አቋርጣ ወደ ሰሜን ትጓዛለች። በመከር የአውሮፓ ቢራቢሮዎች ሰሃራን ተሻግረው ከበረሃው በስተደቡብ እንደሚራቡ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ከተጠኑት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። እንዲህ ላለች ተጓዥ የካይሮ በረንዳ ማረፊያ ነው፤ ማረፊያው ደግሞ ለልጆቿ ምግብ ሊኖረው ይገባል። ምግቡ ኹቤዛ ይባላል፤ የኛ ልት ዘመድ ነው። ክረምት ላይ በየፍርስራሹና በየእግረኛ መንገዱ ስንጥቅ ይበቅላል፤ ድሆችም ሀብታሞችም ወጥ ይሠሩበታል። የችግኝ ነጋዴዎች ግን አይሸጡትም፤ በሰው ዓይን አረም ነው። ቅጠሉ በቀጭን ድር ተስቦ ታጥፎ ካያችሁት ውስጡ የቫኔሳ ልጅ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ በፀደይ ቢራቢሮ የሚፈልግ ሰው ሥራውን በኅዳር መጀመር አለበት። ኹቤዛ የሚበቅለው ብርዱ ሲገባ ነው። በመጋቢት ያበበ ነገር ብቻ ገዝቶ በረንዳ መሙላት የዓመቱን መንገደኛ በባዶ ገበታ መቀበል ነው።

አፈሩ ላይም መጠንቀቅ ያሻል። በካይሮ ሰዎች የአባይን ደለል፣ "ተሚ" የሚሉትን፣ ይወዳሉ። አብዛኛው ከኛ ደጋ ታጥቦ የወረደ አፈር ነው፤ ለእርሻም ድንቅ ነው። በማሰሮ ውስጥ ግን ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ሲረጥብ አየር ያሳጣል። ስለዚህ አንድ እጅ ተሚ፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ብስባሽ አቀላቅላለሁ። ለሉቢያና ለኹቤዛ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቀዳዳውም ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ጥቁር ፕላስቲክ በበጋ ፀሐይ የተክሉን ሥር ያበስላል። በካይሮው የፉስጣጥ ሰፈር የሚሠራው ሸክላ ይሻላል፣ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ በሐምሌ ጧትና ማታ ውኃ ይሻል። ዝናቡ እጅግ ጥቂት በሆነበት ከተማ ተክሉ የሚኖረው በባለቤቱ እጅ ብቻ ነው።

ቦታው ደግሞ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የጧት ፀሐይና ከነፋስ መከለያ። ቢራቢሮ ሰውነቷ ሳይሞቅ አትበርም፤ ነፋስ በሚያናውጠው አበባ ላይም ተረጋግታ አትጠጣም። ኸምሲን የሚባለው አቧራማ ትኩስ ነፋስ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚመጣ፣ በጣሪያ ላይ ማሰሮዎቹን ከአጥሩ ሥር፣ ከዲሾቹና ከውኃ ታንከሩ ጀርባ እሰበስባቸዋለሁ። ለአዋቂዎቹ የምተክለው አበባ ነጠላ ዚኒያ፣ ፔንታስና የወፍ ቆሎ ነው። ድርብርብ አበባ ለዓይን ያምራል፤ ማሩ ግን ብዙ ጊዜ ወይ ትንሽ ነው፣ ወይ አይደረስበትም።

ከሁሉ የሚከብደው መድኃኒቱ ነው። ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ተክል ሲረጭ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ አባጨጓሬ በልቶት ሲሞት ባለቤቱ ምክንያቱ ይጠፋበታል። ስለዚህ ለአባጨጓሬ የሚሆነውን ከዘር አበቅላለሁ፤ የተገዛውን ለአበባ ብቻ አውለዋለሁ።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ከደንበኛ ጋር ስንዋዋል አንድ ሁኔታ አስገባለሁ። ከማሰሮዎቹ አንዱ ለመበላት የተመደበ ነው፤ ቅጠሉ ቢበሳም፣ ቢራቆትም፣ ማንም አይነካውም። እንግዳ ሲመጣ ከፊት ለፊት አይቀመጥም፣ ግን አይጣልም። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ዋጋ ይጠይቃል። ለአበባው ድካሜን አስከፍላለሁ፤ ለኹቤዛው ምንም አልጠይቅም። ዘሩ ከጎዳና ይገኛል። ትልቁ ሥራ በዋቡ፣ የሕንፃው ዘበኛ፣ አረም መስሎት እንዳይነቅለው አስቀድሞ ማስረዳት ነው።