የውሃ ግፊትና ፍሰት፦ ውሃ ወደ ላይኛው ፎቅ የማይደርስበት ምክንያትና ደንበኞች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

በከተሞች በሚገኙ ሕንጻዎች ከታችኛው ወለል ቧንቧ ውሃ እየወረደ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ሌሊት የመጣው ውሃም ሲነጋ ይጠፋል። የዚህ ምክንያት በአመዛኙ ከፈሳሽ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ደንበኞች ይህንን ባሕርይ መገንዘባቸው ታንከርና ፓምፕ ሲገዙ ከአላስፈላጊ ወጪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተበከለ ውሃ ይጠብቃቸዋል።

የፈሳሽ መሠረታዊ ባሕርያት

ጠጣር ነገር የራሱ ቅርጽ ሲኖረው ፈሳሽ የያዘውን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል። አየርን የመሳሰሉ ጋዞችም እንደ ውሃ ይፈስሳሉ፤ ይሁን እንጂ ጋዝ ሲጫኑት በቀላሉ ይታመቃል፤ ውሃ ግን በቤት ውስጥ መስመሮች በሚኖረው ግፊት አይታመቅም ለማለት ይቻላል። በመሆኑም በውሃ በተሞላ ቧንቧ በአንዱ ጫፍ የሚከሰት የግፊት ለውጥ ወደ ሌላው ጫፍ በፍጥነት ይተላለፋል። የአንድ ደንበኛ አጠቃቀም የጎረቤቱን አቅርቦት የሚነካው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ባሕርይ እፍግታ ነው። እፍግታ በአንድ የተወሰነ ቦታ ውስጥ ምን ያህል ቁስ እንደሚገኝ ያመለክታል። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለሆነም 2,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ የውሃው ክብደት ብቻ 2 ቶን ይሆናል። ይህን ያህል ጭነት ጣሪያ ወይም ሰገነት ላይ ከማስቀመጥ በፊት ሕንጻው ሊሸከመው መቻሉን በባለሙያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዝልግልግነት ሲሆን፣ ፈሳሽ እንዳይፈስስ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ማር ከውሃ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚወርደው ዝልግልግነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ነው። የውሃ ዝልግልግነት አነስተኛ ቢሆንም፣ ውሃው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር በሚያደርገው ሰበቃ ምክንያት ረጅም መንገድ ሲጓዝ ግፊቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ግፊት ከከፍታ እንጂ ከታንከር ስፋት አይገኝም

በረጋ ውሃ ውስጥ ግፊት የሚጨምረው ጥልቀት ሲጨምር ነው። ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ ግፊቱ በ1 ባር ያህል ይለወጣል። የአንድ ፎቅ ቁመት 3 ሜትር ቢሆን፣ ውሃው አንድ ፎቅ በወጣ ቁጥር 0.3 ባር ያህል ያጣል ማለት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቧንቧ ከመሬት 13 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ በመሬት ደረጃ ያለው የመስመሩ ግፊት 1 ባር ብቻ ከሆነ ውሃው እዚያ ሊደርስ አይችልም።

ሰፊ ታንከር የበለጠ ውሃ ያጠራቅማል እንጂ የበለጠ ግፊት አይሰጥም። በአንድ ከፍታ ላይ የተቀመጡ ጠባብና ሰፊ ታንከሮች የውሃቸው ደረጃ እኩል እስከሆነ ድረስ የሚሰጡት ግፊት እኩል ነው። የተሻለ ግፊት የሚሻ ደንበኛ ታንከሩን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ፍሰትና የቧንቧ መጠን

በአንድ መስመር ውስጥ የሚያልፈው የውሃ መጠን የሚወሰነው በቧንቧው ውስጣዊ ስፋትና በውሃው ፍጥነት ነው። የአንድ ቧንቧ ውስጣዊ ዲያሜትር በግማሽ ቢቀንስ፣ ያንኑ ያህል ውሃ ለማሳለፍ ፍጥነቱ አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል፤ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ደግሞ ወደ 30 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ የሚዘረጋ ቀጭን ቧንቧ በላይኛው ፎቅ የውሃ እጦትን ያስከትላል።

ውሃ ሌሊት ወደ ላይኛው ፎቅ የሚደርስበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ተጠቃሚው ሲቀንስ በመስመሩ ውስጥ ያለው ውሃ በዝግታ ስለሚጓዝ በሰበቃ የሚጠፋው ግፊት ይቀንሳል፤ የተረፈው ግፊትም ውሃውን ከፍ ያደርገዋል።

ፓምፕን ከሕዝብ መስመር ጋር በቀጥታ የማገናኘት አደጋ

ፓምፕ ውሃን «ይስባል» ቢባልም፣ በእርግጥ የሚያደርገው በመግቢያው በኩል ያለውን ግፊት መቀነስ ነው፤ ውሃውን ከጉድጓድ ወደ ፓምፑ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ወለል ደረጃ ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ሊያነሳ ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ባላቸው የአዲስ አበባ አካባቢዎች ግን ገደቡ ከ8 ሜትር በታች ነው፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ደንበኛ ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ መጠቀም ይኖርበታል።

ፓምፕ በቀጥታ ከሕዝብ መስመር ጋር ሲገናኝ ግን ጉዳቱ ከአንድ ቤት ያልፋል። በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ግፊት በታች ከወረደ፣ ንጹሕ ውሃ ይወጣበት በነበረው ስንጥቅ በኩል በአፈር ውስጥ ያለ ፍሳሽ ወደ ቧንቧው ይገባል። የተበከለው ውሃ የሚደርሰው ፓምፑን ለተከለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ፓምፕ ለሌላቸው ጎረቤቶችና ለሕፃናቶቻቸው ጭምር ነው።

ደንበኞች ሊያደርጉት የሚገባ

1. የመስመሩን ውሃ በራሱ ግፊት መሬት ላይ በተቀመጠ ታንከር ማጠራቀም፤ ፓምፑ ከዚህ ታንከር ብቻ እየወሰደ ወደ ላይኛው ታንከር እንዲልክ ማድረግ።

2. ውሃ ወደ ታንከር የሚያስገባው ቧንቧ አፍ ዘወትር ከውሃው ደረጃ በላይ እንዲሆን ማድረግ። ይህም በመስመሩ ግፊት ሲጠፋ የታንከሩ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከላከላል።

3. ሁሉንም ቧንቧዎች ዘግቶ ቆጣሪውን መመልከት። ቆጣሪው መዞሩን ከቀጠለ ከቆጣሪው ወዲህ ባለው መስመር ፍሳሽ መኖሩን ያመለክታል። በስሌት ሲታይ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ በ1 ባር ግፊት በቀን ከ500 ሊትር በላይ ልታባክን ትችላለች።

4. የውሃ እጥረት ሲያጋጥም ጎረቤትን መጠየቅ። በተመሳሳይ ከፍታ የሚገኙ ጎረቤቶች ውሃ እያገኙ ከሆነ ችግሩ ምናልባት በራስ የውስጥ መስመር ይሆናል፤ ሁሉም ካጡ ግን የዋናው መስመር ጉዳይ ስለሚሆን ለአካባቢው የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይገባል።

በማመልከቻው ላይ ውሃው የሚጠፋበትን ሰዓት፣ የፎቁን ቁጥርና የጎረቤቶችን ሁኔታ መግለጽ ባለሙያዎች የችግሩን ምንጭ በፍጥነት እንዲለዩ ይረዳል።